ደሴና ኮምቦልቻ፦ ክረምት በመጣ ቁጥር ደም የሚጠፋው ለምንድነው? ፋብሪካዎቹስ?

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ለቤቱ። ትንሽ ይረዝማል ቻሉኝ። ሐምሌ በገባ ቁጥር በየቴሌግራሙ «አስቸኳይ! ኦ ኔጌቲቭ የሆነ ሰው ደሴ ሆስፒታል ይድረስ» የሚል ፖስት ይበዛል፣ ሼር እናደርጋለን፣ ስር ገብተን «አላህ ያሽራት» «እመብርሃን ትድረስላት» እንልና እስከሚቀጥለው ፖስት እንረሳዋለን። እኔ ደሞ ይሄ የደግነት ችግር አደለም ባይ ነኝ፣ የወሎ ሰው ስጥ ተብሎ እምቢ ይላል የሚል ካለ ወሎን አያውቃትም። ችግሩ የካላንደር ነው።

እስቲ አስቡት። የኛ ደም በብዛት የሚመጣው ከተማሪ ነው፣ ሃይስኩል፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጆች። ደም ባንኮች አልጋቸውን ጭነው ግቢ ይገባሉ፣ ተማሪው ተሰልፎ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ላይ ፍሪጁ ሞልቷል። በጣም ጥሩ። ግን ቀይ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ተይዞ የሚቆየው 35 ቀን ነው፣ ከረጢቱ ተጨማሪ ማቆያ ፈሳሽ ካለው 42። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 ነው አይደል፣ የዛን ቀን ሆ ብለን የሰጠነው ሐምሌ 12 ላይ ቀኑ ያልፋል። ተማሪው ያኔ የለም፣ ሀገሩ ገብቶ እርሻ እያገዘ ነው፣ ተመልሶ ተመዝግቦ እስኪረጋጋ ጥቅምት ይሆናል። እናቶች ግን ክረምት ነው ብለው መውለድ አያቆሙም፣ ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ሀረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲወርድ መኪና መገልበጡ አይቀርም፣ ክረምቱ ሲወጣ ደሞ ከቆላው ወባ የያዛቸው ህፃናት ደማቸው አልቆ ይመጣሉ። በጣም የሚፈለግበትና በጣም የሚጠፋበት ሰዓት አንድ ላይ ነው የሚገጥመው።

እና ሃሳቤ፣ ክረምት የማይዘጋው ማነው? የኮምቦልቻ ፋብሪካ! ጨርቃጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ በኛ 2009 ላይ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። አንድ ሰው በ3 ወር አንዴ መስጠት ይችላል፣ 3 ወር 13 ሳምንት ነው፣ በየሳምንቱ 20 ከረጢት ብንል 13 ሲባዛ በ20፣ 260 ሰው በቃ ማለት ነው። 260 ሰው! ያውም ዓመቱን ሙሉ። እንደ እቁብ ቁጠሩት፣ ልዩነቱ ዕጣው ለማናውቀው ሰው መውጣቱ ነው። አንድ ቀን 300 ሰው ተሰልፎ ከሚሰጥ በየሳምንቱ 20 ሰው ቢሰጥ ይሻላል። የጤና ሰዎች ካላችሁ አርሙኝ።

ባጃጁ_ነኝ፦

ሃሳቡ አሪፍ ነው ግን ልንገርህ ወንድሜ፣ ሰው የማይሰጠው ካላንደር ጠፍቶበት አደለም ስላላመነ ነው። እኔ ሃይስኩል እያለሁ ሰጥቻለሁ ካርዴም አለ። በኋላ እህቴ አንድ ሆስፒታል ገብታ ደም ያስፈልጋታል ሲባል ካርዴን አሳየሁ፣ «እሱ ሌላ ነው፣ ሁለት ሰው አምጣ» አሉኝ። ሌሊት ነው፣ ሁለት ሰው ከየት ላምጣ? በር ላይ ደሞ የቆሙ ልጆች አሉ፣ «ብር ካለህ ወንድሞቿ ነን እንላለን» ይላሉ። ምን እንዳረኩ አልነግራችሁም። ከዛ ወዲህ ደም ለግሱ የሚል ማይክ ስሰማ የሚመጣው ሳቄ ነው።

ጦሳ_ስር፦

+1 ለባጃጁ። የኛም ቤት እንደዛው።

ላብ_ቤት (ደሴ)፦

ላብ ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ ደም ባንክ ግን አልሰራም፣ በነሱ ስም አላወራም።

ባጃጁ ያልከው ይደረጋል፣ አልክድህም። ግን «ሁለት ሰው አምጣ» የሚለው ነገር ለምን እንደሚያስፈራ ልንገርህ። ደም ባንክ በኛ ሀገር የተጀመረው በቀይ መስቀል ነው፣ በፈረንጅ 1969፣ ወደ ጤና ጥበቃ የዞረው 2012 ላይ ነው። ከዛ ወዲህ ትልቁ ስራ የነበረው ከምትክ ለጋሽ (የታማሚ ዘመድ ከሚያመጣው) ወደ በጎ ፈቃደኛ ማዞር ነው። ምክኒያቱም ምትክ ተብሎ የመጣ ሰው ጥያቄ ስትጠይቀው አይመልስም። «ባለፉት ወራት እንዲህ አይነት ነገር ገጥሞሃል ወይ» ስትለው እህቱ ውስጥ ተኝታለች፣ ምን ይበልህ? «አልገጠመኝም» ይላል። በብር የመጣው ደሞ ጭራሽ። እያንዳንዱ ከረጢት ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረመራል፣ በኛ ሀገር ለጋሾች ላይ በብዛት የሚገኘው ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ ግን ገና አዲስ የተያዘ ሰው ምርመራው የማያሳይበት ጊዜ አለ። እዛ ላይ የሚያድንህ ማሽኑ አደለም የሰውየው እውነት ነው። በየ3 ወሩ የሚመጣ ሰው በየ3 ወሩ ይመረመራል፣ ታሪኩ ይታወቃል፣ የሚደብቅበትም ምክኒያት የለውም። ስለዚህ ቦርከና ያልከው 260 ሰው ብዛቱ ብቻ አደለም የሚጠቅመው፣ ደሙም የተሻለ ነው።

አንድ እርማት። «ደም» ብለህ አንድ ነገር አታርገው። 450 ሚሊ ተቀድቶ ሴንትሪፊዩጅ ላይ ሲዞር ከስር ቀዩ ይቀመጣል ከላይ ቢጫው ፕላዝማ ይቀራል፣ መሃል ላይ ደሞ ስስ ነገር አለ፣ ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) እዛ ነው። ቀዩ ፍሪጅ ይገባል። ፕላዝማው በሰዓታት ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ወይ ከዛ በላይ ቀዝቅዞ ከበረደ ዓመት ይቆያል። ፕሌትሌት ግን ፍሪጅ አይወድም፣ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሆኖ ሌት ተቀን እየተወዛወዘ የሚቆየው 5 ቀን ነው። ኬሞ (የካንሰር መድሃኒት) የሚወስድ ሰው ፕሌትሌት ሲያስፈልገው የሰኔ 7 ካምፔይን ምንም አይጠቅመውም፣ የዚህ ሳምንት ለጋሽ ነው የሚጠቅመው።

አዋላጇ፦

ማታ ሺፍት ላይ ነኝ፣ ካቋረጥኩ ስራ ነው።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መድማትን ያላየ ሰው ይሄ ክርክር አይገባውም። ልጁ ወጥቷል፣ አልቅሷል፣ እንግዴ ልጁም ወጥቷል፣ ዘመድ ኮሪደር ላይ እልል እያለ ነው። አንሶላውን ስትገልጪው ግን ከስሯ ሞልቷል። ማህፀኗን በእጅ እናሻለን፣ ኦክሲቶሲን እንሰጣለን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድማት የሚቀንስ መድሃኒት አለ እሱም ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ በሁለቱም እጇ ወፍራም ካኑላ አስገብተን ሪንገር የሚባለውን ፈሳሽ እንለቃለን። ይሄ ሁሉ ግን ጊዜ መግዣ ነው። ሪንገር ኦክስጅን አይሸከምም። ከንፈሯ እየነጣ «ብርድ ብርድ አለኝ» ስትል፣ ከዛ «ውሃ ስጡኝ» ስትል፣ ሰዓቱ እያለቀ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

እና እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገባችሁ። ፖስት አይቶ የሮጠው ለጋሽ፣ አላህ ይስጠው፣ ለሷ አይደርስም። ደሙ ተቀድቶ አራቱ ምርመራ እስኪሰራለት ሰዓታት ነው። እሷን የሚያድናት ትናንት ወይ ባለፈው ሳምንት ተሰጥቶ ተመርምሮ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው ነው፣ እሱም ሳምፕሏ ሄዶ ክሮስማች (ከደሟ ጋር መስማማቱ) ተሰርቶ ነው የሚመጣው። «አስቸኳይ ደም» የሚባለው ነገር በቃ የለም። ቀድሞ የተቀመጠ አለ፣ ወይ የለም።

ቦርከና_ማዶ፦

@አዋላጇ እህቴ ይሄን ጽሁፍሽን ልቅዳው፣ ፋብሪካ ለፋብሪካ ስዞር ይዤው ብገባ ከኔ ቁጥር ይልቅ ይሄ ነው የሚሰማቸው።

አባ_ሸዋበር፦

ልጆቼ ሰላም ናችሁ። አንድ ነገር ረስታችኋል። ክረምቱን ብቻ ነው የቆጠራችሁት፣ ጾሙስ? በ2017ም በ2018ም ረመዳንና ሁዳዴ የካቲት ላይ አንድ ላይ ነው የገቡት። በሌላ ሀገር ግማሹ ሲጾም ግማሹ ይበላል፣ የኛ ቤት ግን እናት ሁዳዴ ይዛ አባት ረመዳን ይዞ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ይውላል። ማነው ያኔ ደም የሚሰጠው? ረመዳን ደሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት እየመጣ ስለሆነ መቼ እንደሚገጥም አስቀድሞ ይታወቃል፣ የማይታወቅ ነገር አደለም።

እኔ ያየሁት ከኢፍጣር በኋላ ሲሰጥ ነው። ሰው በልቶ ጠጥቶ ተራዊህ ሰግዶ ሲወጣ መኪናዋ መስጂድ በር ላይ ብትቆም ይሰጣል። ኢማሙ ጁሙዓ ላይ አንድ ቃል ከተናገረ ያልቃል፣ ቄሱም እንደዛው ከቅዳሴ በኋላ። «አንዲትን ነፍስ ያዳነ» የሚለውን ለወሎ ሰው ማስተማር አያስፈልግም።

ሌላው ቅሬው ነው፣ እድሩ ማለቴ ነው። ሰፈር ሁሉ ቅሬ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ማን መጣ ማን ቀረ ይጻፋል፣ የቀረ ይቀጣል። ለቀብር ይሄን ያህል ከተደራጀን ላልሞተው ሰው ለምን መደራጀት ያቅተናል?

ባጃጁ_ነኝ፦

አባ እርስዎ ሲሉት ደስ ይላል ግን ቅሬው ይቅጣ ካሉ ደሙም ግዴታ ሊሆን ነው።

አባ_ሸዋበር፦

ኧረ ቅጣት አላልኩም ልጄ። መዝገቡን ነው ያልኩት።

ኤችአር_ላይ_ያለሁ (ኮምቦልቻ)፦

ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው፣ የሰው ሃይል ክፍል (ኤችአር)፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። ቦርከና_ማዶ ሂሳብህ ወረቀት ላይ ያምራል ግን ፋብሪካ ገብተህ መስመሩ ላይ የቆመችውን ልጅ እያት። ስፌት ክፍል የሚሰሩት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ምሳቸውን ሽሮ በፌስታል ይዘው። ለመስጠት የሚያስፈልገውን 45 ኪሎ የማይሞሉ አሉ። ከዚህ በፊት አንዴ ልገሳ ተደርጎ ነበር፣ ጣታቸው ተወግቶ ጠብታዋ ሰማያዊው ፈሳሽ ውስጥ ስትገባ ከላይ ትንሳፈፋለች፣ አትሰምጥም። ከተሰለፉት ሴቶች ስንቶቹ አዝነው እንደተመለሱ ማየት ነበረብህ። አንዷ «ደሜ እንኳን አይረባም ማለት ነው» ብላ እየሳቀች ሄደች፣ ሳቋ ግን ሳቅ አልነበረም። እና ከነዚህ ልጆች ነው ደም የምንሰበስበው?

ሁለተኛው አለቃ ነው። ማናጀሩ ቆሞ እያየ «በፈቃደኝነት» የሚባል ነገር የለም። እምቢ ያለች ልጅ ኮንትራቷ ሲያልቅ ምን ይደርስባታል ብላ ታስባለች፣ ባይደርስባትም ታስባለች።

ሦስተኛው ሺፍት ነው። ሰጥታ ተመልሳ ማሽን ላይ ቆማ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል?

ላብ_ቤት፦

ይሄ ከባድ ነጥብ ነው፣ በደምብ እንነጋገርበት።

ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ነው። ክብደቱ የውሃን 1.053 እጥፍ ሆኖ ነው የሚዘጋጀው፣ ሄሞግሎቢኑ (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 12.5 ግራም በዴሲሊትር እና ከዛ በላይ የሆነ ደም ይሰምጣል፣ ከዛ በታች ይንሳፈፋል። ሴቷ የወር አበባ አላት፣ ወልዳም ሊሆን ይችላል፣ አይረን (ደም የሚሰራበት የብረት ንጥረ ነገር) ያልቅባታል። እና ከፍታውንም አስቡት፣ ኮምቦልቻ ከ1800 ሜትር በላይ ነው፣ ደሴ 2500 አካባቢ። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ እዚህ 12.5 ላይ ያለ ሰው ባህር ጠረፍ 12.5 ካለው ሰው እኩል አይረን አለው ማለት አደለም። አልፎም የሚንሳፈፈው በርከት ካለ የዛ ፋብሪካ ችግር ደም ልገሳ አደለም የደም ማነስ ነው። «ደምሽ አይረባም» ተብላ ሳይሆን ውጤቷን ይዛ ጤና ጣቢያ ልትላክ ነው የሚገባት። የአይረን ኪኒን ውድ ነገር አደለም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት የሚወስደውን አይረን ይቀንሳሉ፣ ሰዓት ጠብቆ መጠጣት ብቻውን ለውጥ አለው፣ ለወሎ ሰው ቡና ተው ማለት ከባድ ቢሆንም 😅

ስለዚህ 260ውን ከስፌት ክፍል ሳይሆን ከመጋዘኑ፣ ከቢራው፣ ከብረቱ፣ ከሹፌሩ፣ ከጥበቃው፣ ከቢሮው ብንጀምርስ? ሴት በ4 ወር ብትሰጥ ደሞ ማንም አይከለክልም፣ ብዙ ሀገር ለሴት የሚያስረዝሙት በዚሁ ምክኒያት ነው።

ቦርከና_ማዶ፦

ኤችአር ላይ ያለሽው (ወይም ያለኸው)፣ ትክክል ነው። የአለቃውን ነገር በተመለከተ እኔ የሚመስለኝ መመዝገቢያው ፋብሪካው ውስጥ ባይሆንስ? ማለቴ መኪናው በር ላይ ውጪ ይቁም፣ ከሺፍት ሲወጡ፣ ገብቶ ያልሰጠም የሰጠም ስሙ ለፋብሪካው አይደርስም። ሰው ጥያቄ ክፍል ገብቶ «አልችልም» ብሎ ቢወጣ ማንም አያውቅም። ማሽን ላይ የመመለሱም ነገር በዛው ይፈታል፣ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው።

ስደተኛው_ወሎዬ (ዱባይ)፦

ሃገራችሁ እንዴት ናት። እኔ የምለው ለምን ሩዋንዳን አታዩም? በፈረንጅ ከ2016 ጀምሮ ድሮን ነው ደም የሚያደርሰው፣ ዚፕላይን የሚባል ድርጅት፣ ተራራውን ሁሉ እየዘለለ በፓራሹት ይጥላል። ጋናም 2019 ገብቷል። የኛ ሀገር ተራራ ከነሱ ይብሳል፣ ከወረኢሉ ከአምባሰል ደሴ ስንት ሰዓት ነው ክረምት ላይ?

ጦሳ_ስር፦

ወንድሜ አንተ ርቀህ ነው። ወሎ ላይ ድሮን የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው የሚሮጠው ወደ ጤና ጣቢያ አደለም።

ስደተኛው_ወሎዬ (ዱባይ)፦

እሱ እውነት ነው 😔 ይቅርታ።

ላብ_ቤት፦

ቢሆንም ከሩዋንዳው የሚወሰድ ነገር አለ፣ ድሮኑ ራሱ ባይሆንም። በፈረንጅ 2022 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ የሚባል የህክምና መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት ድሮኑ ከመኪና ሲነፃፀር እንደ አቆጣጠሩ 79 ወይ 98 ደቂቃ ይቀድማል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው፣ ቀኑ አልፎበት የሚጣል ደም በ67 በመቶ ቀንሷል። ለምን? እያንዳንዱ ሆስፒታል «ምናልባት ካስፈለገ» ብሎ ፍሪጁ ውስጥ ደብቆ መያዙን ስለተወ ነው። አንድ ቦታ ተቀምጦ ሲጠየቅ ይላካል። ይሄን በመኪናም በሞተርም መስራት ይቻላል፣ ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አይሞሉም እኮ። የሚያስፈልገው የት ምን እንዳለ የሚያሳይ አንድ ሊስትና ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው። ደምና በረዶ በቀጥታ እንዳይነካካ ሳጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰውም ጨምሩበት፣ ቀይ ደም በረዶ ከሆነ ይፈነዳል፣ ለሰው አይሰጥም።

ሜዲካል_4ኛ_ዓመት፦

ፕላዝማው ምን ይሆናል ግን? ክላስ ላይ አልቡሚን፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ፋክተር 8 ሁሉም ከፕላዝማ ነው የሚሰራው ተብለናል። እኛ ጋ ግን ሄሞፊሊያ (ደም ያለመርጋት በሽታ) ያለበት ልጅ ሲመጣ መድሃኒቱ በእርዳታ ካልመጣ የለም። ፕላዝማችንን እየጣልን ከውጪ መድሃኒት እንለምናለን ማለት ነው?

ላብ_ቤት፦

በአጭሩ አዎ፣ ብዙ ደሃ ሀገር እንደዛ ነው። ከዓለም ለመድሃኒት ከሚሰበሰበው ፕላዝማ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው ከአሜሪካ ነው፣ እዛ ሰው ተከፍሎት ነው የሚሰጠው። እኛ ደሞ በነፃ የተሰጠውን ማቀዝቀዝ አቅቶን እንጥላለን። ግን «ፋብሪካ እንስራ» የሚል ቀልድ ውስጥ እንዳትገቡ። ከአንድ ከረጢት የሚወጣው ፕላዝማ 200፣ ቢበዛ 250 ሚሊ ነው፣ ሺህ ከረጢት ሰብስበህ 200 ምናምን ሊትር ነው። ፕላዝማ ወደ መድሃኒት የሚቀይር ፋብሪካ በዓመት የሚፈልገው መቶ ሺዎች ሊትር ነው። ግብፅ እንኳን ብቻዋን አልገባችበትም፣ ግሪፎልስ ከሚባለው የስፔን ድርጅት ጋር ተሻርካ ነው።

ያለው መንገድ ፕላዝማህን በጥራት ሰብስበህ ውጪ ላለ ፋብሪካ ልከህ መድሃኒቱን መልሰህ መቀበል ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጅ 2021 ላይ ይሄንኑ የሚያሳይ መመሪያ አውጥቷል። እሱ ግን የሀገር ስራ ነው፣ የደሴ አደለም። ደሴ ላይ ልናረገው የምንችለው አንዱን ከረጢት ለሦስት ሰው ማድረግ ነው፣ ቀዩ ለአንዷ፣ ፕላዝማው ለተቃጠለ ወይ ደሙ አልረጋ ላለው፣ ፕሌትሌቱ ለሌላው። ከፕላዝማውም ላይ ቀስ ብሎ በማቅለጥ ክራዮ የሚባለውን ማውጣት ይቻላል፣ ደም የሚያረጉት ፋክተር 8ና ፋይብሪኖጅን ያሉበት፣ አዋላጇ ያለችው አይነት መድማት ላይ ፋይብሪኖጅን ወርቅ ነው።

ለዚህ ሁሉ ግን መብራት! ፍሪዘሩ ሌሊት ጠፍቶ ፕላዝማው ከቀለጠ መልሰህ አታበርደውም፣ አለቀ። ጀነሬተር አለ ትሉኛላችሁ፣ ናፍጣውስ? በኛ 2014 ላይ ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማው ላይ የሆነውን፣ ከጤና ተቋማት ምን እንደተዘረፈ ያየ ሰው ማሽን መግዛት ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ያውቃል። ማሽኑን የሚጠግን ሰውና መለዋወጫ እዚሁ ካልኖረ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው የሚቀረው።

ሜዲካል_4ኛ_ዓመት፦

አመሰግናለሁ፣ ይሄን ማንም በዚህ መልኩ አላስረዳኝም ነበር።

ኤችአር_ላይ_ያለሁ፦

ብሩስ? የቲሸርቱ፣ የለስላሳና ብስኩቱ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የከረጢቱ ዋጋ። አንዱ ኤንጂኦ ይመጣል ሁለት ዓመት ይሰራል ይሄዳል።

ስደተኛው_ወሎዬ (ዱባይ)፦

እዚህ ላይ እኔም የማውቀው አለ፣ አብሮኝ የሚሰራ ኬንያዊ ነግሮኝ ነው በኋላም ያነበብኩት፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ኬንያ የደም አገልግሎቷ ለዓመታት በአሜሪካ የኤችአይቪ ገንዘብ ነበር የሚሮጠው፣ 2019 ላይ ገንዘቡ ሲቆም ሀገሩ ደም አጥቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ። በሌላ በኩል ዚምባብዌን እዩ፣ 1989 ላይ «25 ጊዜ እሰጣለሁ» ብለው ቃል የሚገቡበት የወጣቶች ክለብ ጀመሩ፣ ብዙ ሀገር ከነሱ ኮርጇል። ገንዘቡ ሲጠፋ የሚቀረው ክለቡ ነው። ግን ዚምባብዌም ቢሆን ደሙ በሽያጭ ስለነበር ደሃው መግዛት አቅቶት ቆይቶ 2018 ላይ ነው በመንግስት ሆስፒታሎች በነፃ የሆነው። እና ለጋሽ ብቻውን፣ ብር ብቻውን አይሆንም።

አዋላጇ፦

ተመለስኩ። ሁለት ወለዱ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አልሃምዱሊላህ።

አንድ ነገር ብቻ። በደሃ ሀገር ደም በብዛት የሚወስደው ከ5 ዓመት በታች ህፃን ነው፣ በሀብታም ሀገር ሽማግሌ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ስትናገሩ «ለማታውቁት ሰው» አትበሉ። «ለወለደች እናትና ወባ ለያዘው ልጅ» በሉ። ሁሉም ቤት አለ።

ባጃጁ_ነኝ፦

ሁላችሁም ጥሩ ነው ያወራችሁት ግን የኔን ጥያቄ ዘላችሁታል። ካርዴስ? በየ3 ወሩ የሚሰጠው ያ 260 ሰው እናቱ ስትታመም «ሁለት ሰው አምጣ» ከተባለ በሁለተኛው ዙር 260 አይሆንም፣ 60ም አይሆንም። አንዱ ሰፈር ይነግራል ሌላው ይሰማል። እኔ ባጃጅ ላይ ቀን ሙሉ ስንት ሰው እንደማጫውት ታውቃላችሁ?

ላብ_ቤት፦

አልዘለልኩትም፣ መልስ ስለሌለኝ ነው። ለህክምናው የሚሆን ደም እያለ ዘመድን አምጣ ማለት አይገባም፣ ደም ከሌለ ደሞ ሐኪሙም ሌላ የሚለው የለውም። ካርድ ቅድሚያ ያሰጣል ብለን ቃል ከገባን ደሞ ካርድ የሌላት ገበሬ ትሞታለች ማለት ነው። ስለዚህ ካርዱን አልነካውም፣ ፍሪጁ ባዶ እንዳይሆን ማድረግ ነው የምለው። ይሄ ለእህትህ ለዛ ሌሊት መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ባጃጁ_ነኝ፦

እሺ፣ ቢያንስ አልዋሸኸኝም።

አባ_ሸዋበር፦

ቅሬውን እኔ አነጋግራለሁ። በር ላይ የሚቆሙትን ልጆች ነገር ደሞ ፖሊስ ሳይሆን ወላጆቻቸው ናቸው የሚያስተዉት፣ የማን ልጆች እንደሆኑ ይታወቃሉ።

ኤችአር_ላይ_ያለሁ፦

በኔ በኩል እንዲህ ይሁን። ደብዳቤው ከደም ባንክ ለፋብሪካው ይምጣ፣ በግለሰብ አይሆንም፣ ማኔጅመንት ላይ የማቀርበው እኔ ነኝ። መኪናው ከአጥሩ ውጪ፣ ስም ዝርዝር ወደኛ አይመጣም የሚለው በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ሄሞግሎቢናቸው ላነሰ ልጆች ውጤቱን በወረቀት ይስጧቸው፣ ለክሊኒካችን ነርስ እኔ እነግራታለሁ። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ይሁን፣ ሰው ጥሩ በልቶ ነው የሚመጣው፣ ወር መጨረሻ ላይ ሁሉም በሻይና በዳቦ ነው።

ቦርከና_ማዶ፦

ደመወዝ የሚወጣበት ቀን በየፋብሪካው ይለያያል፣ ያ ራሱ ተራ ማውጫ ይሆነናል። ዝርዝሩን እሰበስባለሁ። ላብ_ቤት፣ ፕሌትሌት እንዲወጣለት ከተፈለገ ከኮምቦልቻ የተቀዳው በስንት ሰዓት ውስጥ ደሴ መግባት አለበት?

ላብ_ቤት፦

በ8 ሰዓት ውስጥ መለየት ይመረጣል፣ እስከዛ ደሞ ያ ከረጢት በረዶ ሳጥን ውስጥ አይግባ፣ በክፍል ሙቀት ነው የሚጓዘው፣ ለቀይ ብቻ ከሚሆነው ተለይቶ ምልክት ይደረግበት። ከሺፍት መውጫ 9 ሰዓት ከሰዓት ከጀመራችሁ ማታ ላይ የሚለይ ሰው ተረኛ መኖር አለበት። እሱን መጀመሪያ ጠይቁ፣ መኪናውን ከመጠየቃችሁ በፊት።